የቤት አልጋ፣ የውጭ ቀጋ፦ የአዋሽ ሸለቆን የወረረው ዛፍ ታሪክ

አፋር ውስጥ ሁለት መንግሥታት በስሙ የሚጠሩበት አንድ ዛፍ አለ። አንዳንዱ «ደርጊ ሃራ» ይለዋል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ሌላው «ወያኔ» ይለዋል። የመጀመሪያው ስም ዛፉ የመጣበትን ዘመን ይዟል፤ ሁለተኛው አገሩን በሞላበት ዘመን የወጣለት ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይሉታል። ስሙ የትኛውም ይሁን፣ አርብቶ አደሩ ሲጠራው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ያጣውን ግጦሽ።

የሳተላይት ምስልን ከመሬት ላይ ቅኝት ጋር ያጣመረና በ2019 የታተመ ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛፉ በ35 ዓመታት ገደማ ውስጥ በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር መሬት መውረሩን አሳይቷል። ይህ ከጣና ሐይቅ ስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ገና ተበታትኖ የቆመ ነው፤ ሌላው ቦታ ላይ ግን ሰውም ግመልም የማያልፍበት የእሾህ ግድግዳ ሆኗል።

ይህ ዛፍ በተወለደበት አገር እንዲህ አያደርግም። ስለ ሰው ጸባይ ሲነገር «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይባላል፤ በቤቱ እንደ እሾህ የሚወጋ፣ ውጭ ሲወጣ የሚመች ለሚሆን ሰው። ፕሮሶፒስ ተረቱን ገልብጦታል። በአገሩ አልጋ ነው፤ በሰው አገር ቀጋ ሆነ። ለምን?

▪️ በአገሩ

ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሜክሲኮ፣ የመካከለኛው አሜሪካ፣ የካሪቢያንና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ተወላጅ ነው። ኮሎምቢያና ቬንዙዌላ ውስጥ በደረቁ ቆላ ከቁልቋልና ከሌሎች እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል። ሰው ለማገዶና ለአጥር ይቆርጠዋል፤ ከብት ጣፋጭ ፍሬውን ይበላል። ከብዙዎች መካከል አንዱ ነው እንጂ ጌታ አይደለም።

በዚያ የሚገቱት ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኞቹ ትንንሽ ነቀዞች ናቸው። የኢትዮጵያ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ገብቶ ባቄላና ሽምብራ እንደሚቦረቡረው ነቀዝ ሁሉ፣ የአሜሪካ ነቀዞችም እንቁላላቸውን በዛፉ ፍሬ ላይ ይጥላሉ፤ ትሉ ዘሩን ከውስጥ ቦርቡሮ ይጨርሰዋል። ቅጠሉን የሚበሉ፣ ግንዱን የሚሰረስሩ ሌሎች ነፍሳትም አሉ። አንዳቸውም ዛፉን ከምድር አያጠፉትም። የሚያደርጉት ግብር ማስከፈል ነው፤ ከሚያፈራው ዘር ላይ በየዓመቱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ዛፉም ከእነርሱ ጋር እጅግ ረጅም ዘመን የኖረ ስለሆነ የሚያፈራው ዘር ብዛት ይህን ግብር የሚችል ነው። አንድ ጎልማሳ ዛፍ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘር ሊሰጥ ይችላል።

ከዚያ ይህን ዛፍ ግብር ሰብሳቢ ወደሌለበት አገር ወሰዱት።

▪️ በመርከብ የመጣ መፍትሔ

ዛፉን ከአገሩ ያስወጣው ስህተት ወይም አጋጣሚ አልነበረም። ሰዎች አስበው፣ መርጠው፣ ዘሩን አሽገው ወሰዱት። በ1877 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ዛሬ የፓኪስታን አካል ወደሆነው ሲንድ አመጡት፤ ማገዶ ለሌለው ደረቅ አገር ማገዶ ይሆናል፣ የሚነዳውን አሸዋ ይይዛል ተብሎ። በ1917 የሱዳን መንግሥት የዕፅዋት ባለሙያ የነበረው ማሴ ከግብፅና ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ዘር ካርቱም ላይ ተከለው። በ1940 የሕንዱ የጆድፑር ግዛት «ንጉሣዊ ተክል» ብሎ አወጀው፤ ጥበቃም አደረገለት። ዛሬ በጉጅራት የኩች አካባቢ ሰዎች «እብዱ ግራር» ይሉታል። ከንጉሣዊ ተክልነት ወደ እብድነት ለመውረድ የሰው ዕድሜ ያህል እንኳን አልፈጀበትም።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የመጣው ግን በሌላ ማዕበል ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የሳህል ድርቅ አህጉሩን አንቀጠቀጠ። በ1977 የተባበሩት መንግሥታት ስለ በረሃማነት የመጀመሪያውን ታላቅ ጉባኤ ናይሮቢ ላይ ጠራ። የዘመኑ ቋንቋ «በረሃው እየገሰገሰ ነው» የሚል ነበር፤ ለሚገሰግስ በረሃ ደግሞ የሚያስቆመው አረንጓዴ ግንብ ያስፈልጋል። ኬንያ በ1973 ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ ላይ ጀመረች፤ በ1980ዎቹ ወደ ባሪንጎ ተሻገረች። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀድመው ከሚጠቀሱት ቦታዎች አንዱ ድሬዳዋ ያለው የጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው፤ ጊዜውም የ1970ዎቹ መጨረሻ። ከዚያ በ1980ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ ሄዶ በመስኖ እርሻዎችና በመንደሮች ዙሪያ ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያና ለአፈር ጥበቃ ተተከለ።

የደን ባለሙያዎቹ መስፈርት ምክንያታዊ ነበር። ቶሎ የሚያድግ፣ ድርቅና ጨዋማ አፈር የሚችል፣ ፍየል ቅጠሉን የማትበላው፣ ሲቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ዘሩ በቀላሉ የሚገኝ ዛፍ ፈለጉ። ይህን ዝርዝር ገልብጦ ላነበበው ግን የአረም መግለጫ ነው። የማይበላ፣ የማይደርቅ፣ የማይቆረጥ፣ በየቦታው የሚዘራ። የተጠየቀው ጥያቄ «ይጸድቃል ወይ?» የሚል ብቻ ነበር። «ከጸደቀ በኋላ ማን ይገታዋል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ያ ጥያቄ ደግሞ አዲስ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ቻርለስ ኤልተን ከአገራቸው ውጭ ስለሚስፋፉ እንስሳትና ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1958 ነው፤ ዛፉ አፋር ከመድረሱ ከሃያ ዓመት በፊት።

▪️ አዋሽ እንዴት ተዘጋጀለት

የዛፉ ጠባይ ብቻውን ግን ታሪኩን አይጨርሰውም። ዘር የትም ሊወድቅ ይችላል፤ የሚነግሠው ባለቤት የታጣበት መሬት ላይ ሲወድቅ ነው።

አዋሽ ከደጋው ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ለአፋር አርብቶ አደር የወንዙ ዳርቻ የበጋ መጠጊያው ነበር። ዝናብ ሲጥል ከብቱን ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሲደርቅ ጎርፍ ወዳጠጣው ለምለም ሣር ይመለሳል። ማን መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ሣር ለክፉ ቀን እንደሚቆይ የሚወስኑት ጎሣዎቹና ሽማግሌዎቻቸው ነበሩ። መሬቱ ባዶ የሚመስለው ለመንገደኛ ነው እንጂ በሥርዓት የተያዘ ነበር።

በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ በመካከለኛው አዋሽም እርሻዎች ተከተሉ። ለጥጥ የተመረጠው መሬት ለበጋ ግጦሽ የሚፈለገው ያው መሬት ነበር፤ ውኃ ያለው እዚያ ነውና። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ሲመጣ አፋሮች የሚሸሹበት ቦታ ጠበበባቸው፤ ብዙ ሕዝብና ከብት አለቀ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ እርሻዎቹ ወደ መንግሥት ዞሩ እንጂ ወደ ግጦሽ አልተመለሱም።

ፕሮሶፒስ የደረሰው እንግዲህ ሣሩ በታረሰበት፣ የቀረው ግጦሽ በተጨናነቀ ከብት በተመጠጠበት፣ የመስኖ ቦይ በየአቅጣጫው በተዘረጋበት ሰዓት ነው። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ አንዳንዶቹ የመንግሥት እርሻዎች ተዳከሙ፤ የተወሰነው መሬት ወደ አፋር ጎሣዎች ተመለሰ። ነገር ግን የተመለሰው የተገለበጠ፣ ሣሩ የጠፋ መሬት ነበር። ከብቱ ተመልሶ ሣር ሳያበቅል፣ ጥጡም ሳይዘራ በቀረበት በዚያ ክፍተት ውስጥ ዛፉ ገባ። አሚባራና ገዋኔ የወረራው እምብርት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

▪️ እንዴት አሸነፈ

የመጀመሪያው ምክንያት ጠላቱን ትቶ መምጣቱ ነው። ዘሩ ሲመጣ ነቀዞቹ አልመጡም። ያ ሁሉ ግብር የሚችል ዘር ያለ ግብር ቀረ። በአገሩ ከሚያፈራው ዘር ብዙው ይበላ የነበረው ዛፍ፣ አፋር ላይ ያፈራውን ሁሉ ለራሱ አስቀረ።

ሁለተኛው፣ ጠላት ቢያጣም አገልጋይ ማግኘቱ ነው። ፍሬው ስኳር የበዛበት ነው፤ በበጋ ሌላ በሌለበት ሰዓት ይደርሳል። ግመል፣ ላም፣ ፍየል፣ የዱር ከርከሮ ሳይቀር ይበላዋል። ዘሩ ግን ጠንካራ ልባስ አለው፤ በሆድ ውስጥ አልፎ ሳይሞት ይወጣል፤ እንዲያውም ጉዞው ልባሱን አሳስቶ መብቀልን ያፋጥንለታል። እበትና በጠጡ ማዳበሪያው ነው። መንጋው በሄደበት መንገድ፣ ባደረበት በረት፣ በጠጣበት ውኃ ዳር ሁሉ ይዘራል። የቀረውን የአዋሽ ጎርፍ ያከፋፍለዋል። አርብቶ አደሩ ሳያውቅ የገዛ ከብቱ የጠላቱ ዘሪ ሆነ።

ሦስተኛው ውኃ ነው። የአገሬው ግራሮች ድርቅ ሲጠና ቅጠላቸውን ጥለው ይጠብቃሉ። ፕሮሶፒስ ሥሩን ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ስለሚሰድድ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። የዚህ ዛፍ ወገን ሥር ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅ የአሪዞናው ምሳሌ ይበቃል፤ እዚያ በአንድ የማዕድን ቁፋሮ 53 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። በ2021 የታተመ ግምት በአፋር ያለው ፕሮሶፒስ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንደሚወስድ አስልቷል። በረሃን ይከላከላል የተባለው ዛፍ የበረሃውን ውኃ የሚጠጣ ሆነ።

አራተኛው ጎረቤቶቹን የሚይዝበት መንገድ ነው። ከቅጠሉ የሚወጡ ኬሚካሎች የሌሎች ዕፅዋትን ዘር እንዳይበቅል ያውካሉ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ዛፉን በቬንዙዌላና በሕንድ አወዳድሮ፣ በአገሩ ጥላው ሥር ሌሎች ዕፅዋት ብዙም እንደማይጎዱ፣ በሕንድ ግን የዝርያዎቹ ቁጥር በጣም እንደሚመናመን አሳይቷል። የቬንዙዌላ ዕፅዋት መርዙን ለምደውታል፤ አብረውት ኖረዋልና። የሕንድና የአፋር ሣር ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት አያውቅም።

አምስተኛው፣ መቁረጥ አለማጥፋት መሆኑ ነው። ከግንዱ ሥር፣ ከአፈር በታች የተደበቁ ቡቃያዎች አሉት። ከላይ ሲቆርጡት አንዱ ግንድ በብዙ ቀንበጥ ይተካል። ጉቶው ከአፈር በታች ካልተነቀለ ቆራጩ አጥፊ ሳይሆን አባዢ ነው። ቢነቀልም እንኳ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ለዓመታት ሳይሞት ይጠብቃል።

▪️ ባሕር ዛፍስ?

«መጤ ስለሆነ ነው» የሚለው አጭር መልስ ግን አያዋጣም። ባሕር ዛፍም መጤ ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ማገዶ ያጣችውን አዲስ አበባን ከመፍለስ አዳናት ይባላል። ውኃ ይጠጣል፣ አፈር ያራቁታል ተብሎ ይከሰሳል፤ ነገር ግን በአብዛኛው የቆመው ሰው በተከለው ቦታ ነው። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ከብት ተሸክሞ አይዘራለትም። ባለቤትም አለው፤ የተከለው ገበሬ ድንበሩን ያውቃል፣ ሲደርስ ይሸጠዋል። በቆሎም፣ በርበሬም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ማንም ወራሪ አይላቸውም።

ልዩነቱ ያለው ከትውልድ አገር ላይ ሳይሆን ከሦስት ነገሮች መገጣጠም ላይ ነው። የሚገታው ጠላት መቅረቱ፣ የሚያሰራጭ አገልጋይ ማግኘቱ፣ ጠባቂው የተገፋበት መሬት ላይ ማረፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተፈጥሮ ናቸው። ሦስተኛው የሰው ሥራ ነው።

▪️ የተከፈለው ዋጋ

በመጀመሪያ የጠፋው ሣር ነው። ከሣሩ ጋር ላሙ፣ ከላሙ ጋር ወተቱ ቀነሰ። እሾሁ የከብቱን ኮቴና የሰውን እግር ይወጋል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ፍሬውን ብቻ ለረጅም ጊዜ የበላ ከብት ሆዱ ይታወካል፤ ስኳሩ የፍየል ጥርስ ያበላሻል። ጅቡና ሌላው አውሬ የሚደበቅበት ጥሻ ከመንደር አጠገብ ሆነ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም አልተረፈም። ግጦሽ ሲጠብ ደግሞ የተረፈው ሣር ላይ የሚደረገው ፉክክር ይከርራል፤ ድሮም ውጥረት ባልጠፋበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወባም አለ። ትንኝ ከደም ሌላ የአበባ ማር ትመገባለች። ማሊ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንዳንድ መንደሮች የዛፉን የሚያብቡ ቅርንጫፎች ቆርጠው ሲያስወግዱ የትንኞቹ ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ መቀነሱን በ2017 አሳትመዋል። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሚያብብ ዛፍ ለትንኝ የበጋ ስንቅ ነው።

▪️ የማጥፋት ታሪክ

ሱዳን በ1995 ዛፉ እንዲጠፋ በአዋጅ ወሰነች። አዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ዛፉ በካሳላና በገዳሪፍ እርሻዎች መስፋፋቱን ቀጠለ። ኬንያ ውስጥ በ2006 የባሪንጎ ነዋሪዎች ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱ፤ ለማስረጃም ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው ናይሮቢ ቀረቡ። ዳኞች ፊት የቆመችው ያቺ ፍየል ከብዙ ገጽ ሪፖርት በላይ ተናገረች። በ2008 የኬንያ መንግሥት ዛፉን ጎጂ አረም ብሎ መዘገበ፤ ከዚያ በፊት ያስተከለው መንግሥት መሆኑ ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ1987 ነቀዞቹን ራሳቸውን ከአሜሪካ አመጣች። ገበሬዎቿ ፍሬውን ለመኖ ስለሚፈልጉት ዛፉን የሚገድል ሳይሆን ዘሩን ብቻ የሚበላ ተመረጠ። ነገር ግን ከብቱ ነቀዙን ቀደመው፤ ዘሩ ሳይበላ በሆድ ተጭኖ ሄደ። አውስትራሊያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአርጀንቲና ቅጠል የሚበላ ትንሽ የእሳት ራት ለቀቀች፤ በምዕራቡ ክፍሏ ዛፉን በሚታይ ሁኔታ አዳከመው።

ኢትዮጵያ የመረጠችው «እየተጠቀሙ መቆጣጠር» የሚለውን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፋርም አፍሪካ ባሉ ድርጅቶች ድጋፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዛፉን ከሰል ማክሰል፣ ፍሬውን ፈጭተው ለመኖ ማዋል ጀመሩ። ፍሬውን መፍጨት ጥበብ አለው፤ የተፈጨ ዘር አይበቅልም። የከሰሉ ጉዳይ ግን ሁለት ስለት አለው። ከሰል የሚያከስለው ሰው ጉቶውን የሚነቅልበት ምክንያት የለውም፤ ቢያቆጠቁጥለት ለሚቀጥለው ዓመት ገቢው ነው። ገበያው ሲደራ ደግሞ ከፕሮሶፒስ ጋር የአገሬው ግራርም ይቆረጣል። ገንዘቡም መንጋው ላለቀበት አርብቶ አደር እኩል አይደርሰውም። በ2017 አገራዊ ስትራቴጂ ወጣ፤ ወረራው ባልደረሰበት መከላከልን፣ በጀመረበት ቶሎ ማጽዳትን፣ በገነገነበት መጠቀምን የሚያጣምር ነው። በወረቀት ደረጃ ትክክለኛው ሐሳብ ይህ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለዚህ ነገር የተባለ ይመስላል። በጥቂት እጆች በአንድ ቀን የሚነቀለው ቡቃያ ከአሥር ዓመት በኋላ ትራክተርና በጀት ይጠይቃል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በጀቱም አይበቃም። ሥራውም በነቀላ አያበቃም። የጸዳ መሬት ሣር ካልተዘራበት፣ ከተዘራም በኋላ እስኪጸና የሚጠብቀው ከሌለ ዛፉ ይመለሳል። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ዛፉ የገባው መሬቱ ባዶ ስለነበረ አልነበረም፤ ጠባቂዎቹ እንደሌሉ ተቆጥረው ባዶ ስለተደረገ ነው። የሚወጣውም ያ መሬት መልሶ ባለቤት ሲኖረው ነው፤ ማን መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ሣር ለክፉ ቀን እንደሚቆይ የሚወስን፣ ጠዋት ከከብቱ ጋር ሲወጣ ያየውን ቡቃያ ጎንበስ ብሎ የሚነቅል ባለቤት።